የቅርብ ጠበል፦ በተማሪዎቻችን የሥዕል ትርኢት ላይ የቀረበ ሒስ



ባለፈው ወር በትምህርት ቤታችን በትልቁ ራኩባ ሥር «ከተማዬ» በሚል ርዕስ የተማሪዎቻችን ሥዕሎች ለሦስት ቀን ተሰቅለው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። 34 ሥዕሎች ናቸው፤ በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ የተያዙ። በአራተኛው ቀን ሃቡቡ ተነሣና ግማሾቹን ይዟቸው ሄደ። ሁለቱን ከውሃ መቅጃው ዘንድ አገኘናቸው፣ አንዱን ደግሞ ከፍየል አፍ አስጣልነው። እንግዲህ ስለ ትርኢቱ አስተያየት እንድንጽፍ ከዝግጅት ክፍሉ ተጠይቀን ይኸው ብዕር አነሣን። «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ልጆቹም ደስ ይላቸው ነበር። ነገር ግን የ34 ልጆች ድካም ከዚያ የተሻለ መልስ ይገባዋል ብለን ስላመንን የታየንን እንናገራለን። የሚከፋው ካለ ከወዲሁ ይቅርታ።

ከሥዕሎቹ ውስጥ 11ዱ ያንን የእንቁላል ቅርጽ ያለውን የካርቱም ሆቴል የሚያሳዩ ናቸው። በሊቢያ ገንዘብ ተሠርቶ በ2008 የተከፈተውን፣ ሕዝቡ ቡርጅ አልፋቲሕ ይለው የነበረውን ማለታችን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስድስቱ ደግሞ ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙበትን ሙግራንን ከሰማይ ሆነው ያዩት ይመስል ነው የሣሉት። ከልጆቹ መካከል ከሰማይ ሆኖ ያየው የለም፤ የታየው ፖስትካርዱ ነው። አምስት ልጆች የፋሲል ግንብን፣ ላሊበላንና የአክሱምን ሐውልት አመጡልን። አምስቱም ካርቱም ተወልደው ካርቱም ያደጉ ናቸው፤ ጎንደርን የሚያውቁት ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነው። አውሮፕላንና ባንዲራ የሣሉም አሉ።

ቤት የሣሉት ደግሞ ሁሉም ያው አንድ ቤት ነው የሣሉት። ጣሪያው ሦስት ማዕዘን ነው፣ ከጣሪያው ላይ ጭስ ማውጫ፣ ከጭስ ማውጫው የተጠቀለለ ጭስ፣ ከወረቀቱ ጥግ ሩብ ፀሐይ። እስቲ እንጠይቃችሁ፣ ካርቱም ውስጥ ጭስ ማውጫ ያለው መኖሪያ ቤት ያየ ማነው? ቡሪ ላይ ጭስ ማውጫ ቢፈለግ የድሮው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ እንደሆነ ነው እንጂ! የእኛ ቤት ጣሪያው ጠፍጣፋ ነበር። በሙቀቱ ወራት ማን ከጣሪያ ሥር ይተኛል፤ ሆሹ ውስጥ አንገረብ ዘርግተን ከኮከብ በታች አይደል እንዴ የምናድረው? ፀሐይዋም ብትሆን ጥግ ይዛ የምትቀመጥ አልነበረችም፤ አናታችን ላይ ነበረች።

ቡሪን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሣዮቹ አብዛኞቹ የቡሪ ልጆች ናቸው፤ ከመምህራኑም ሦስታችን እዚያ ኖረናል። ሰፈሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ቡሪ ከካርቱም መሃል በስተምሥራቅ፣ ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያ አጠገብ፣ በጥቁር ዓባይ ዳር የተቀመጠ አሮጌ ሰፈር ነው። አንድ ቡሪ ብቻም አይደለም፤ ቡሪ አልመሐስ አለ፣ ቡሪ አድደራይሳ አለ፣ ቡሪ አልላማብ አለ፣ ቡሪ አሽሸሪፍ አለ። ድልድዩን ሲሻገሩ ኮበር ይገባል። ይህን ሁሉ ልጆቹ ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። ታዲያ ከ34ቱ ሥዕሎች ቡሪ ያለችበት አንዱ ብቻ ነው።

እሱም የአንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሥራ ነው። ዚር ነው የሣለችው። በብረት መቀመጫ ላይ የቆመ አንድ የሸክላ ጋን፣ በላዩ የጣውላ ክዳን፣ በሰንሰለት የታሰረ የቆርቆሮ ኩባያ፣ ከኋላው ግንብ፣ ከላዩ የኒም ዛፍ ቅርንጫፍ፤ በቃ። ካርቱም የኖረ ሁሉ ዚር ያውቃል። መንገደኛ እንዲጠጣ ከየበሩ ደጅ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም ለሞተ ዘመድ ነፍስ ተብሎ የሚደረግ ምጽዋት ነው። ከዚያ ውሃ ያልጠጣ ስደተኛ የለም፤ ሃይማኖትህ ምንድነው፣ ወረቀት አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅህ አልነበረም።

ይህች ልጅ ምን አየች መሰላችሁ? የጋኑን የታችኛውን ክፍል በእርሳስ ጠቆር አድርጋዋለች፤ የላይኛውን ፈዘዝ። ከመቀመጫው በታች መሬቱ ላይ ትንሽ ክብ እርጥበት አለ፣ ከእርጥበቱ ዳር አንዲት ርግብ። ሳይንሱን በክፍል ያስተማርነው ነው፤ ያልተቀባ ሸክላ በቀዳዳዎቹ ውሃ ያዣል፣ የወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ውስጥ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። እሷ ግን ትነትን ልትሥል አልተነሣችም። ውሃው እስከየት እንደደረሰ ከውጭ በቀለሙ እንደሚታወቅ ልብ ብላ ነው። ጠዋት ሲሞላ ጥቁረቱ ከፍ ይላል፣ ማታ ዝቅ ይላል። እንግዲህ ሥዕሉ ሰዓትም ይናገራል፤ ከቀትር በኋላ መሆኑ ነው። ርግቧም ለጌጥ አልገባችም፣ ጠብታውን ልትጠጣ ነው የመጣችው። ጉድለት የለውም አንልም። ኩባያው ከጋኑ ጋር ሲተያይ ባልዲ ያህላል፤ የዛፉ ጥላም ፀሐይ ወዳለችበት ነው የወደቀው። ቢሆንም ከ11ዱ ሆቴል ይህን እንመርጣለን።

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላል የአገራችን ሰው። ልጆቹን በዚህ ተረት ልንገሥጻቸው ብናስብም እኛው ቀድመን ተያዝን። ነገሩ እንዲህ ነው። ትርኢቱን አይተን ስንመለስ በሻይ ሰዓት ወሬው ስለ ቡሪ ሆነና ከመካከላችን በአንድ ሆሽ ስድስት ዓመት አብረው የኖሩ ሁለት መምህራን የግቢው በር ቀለም ምን ነበር በሚል ተጣሉ። አንዱ አረንጓዴ ነው ይላል። አንዷ ሰማያዊ ነበር፣ አበባው ነው አረንጓዴ ትላለች። ስድስት ዓመት! በቀን አራት ጊዜ ቢያልፉበት ስንት ሺህ ጊዜ እንደሆነ የሒሳብ መምህራችን አስልተው ነገሩንና ሁላችንም አፈርን።

ለምን አላየነውም? ቡሪ የኖርነው እየጠበቅን ስለነበረ ይመስለናል። አንዱ የካናዳ ፕሮሰስ ይጠብቃል፣ አንዱ የሊቢያ መንገድ፣ አንዱ «ሰላም ሲሆን አገሬ እገባለሁ» ይላል። የሚጠብቅ ሰው ሰፈሩን አያይም። ስንወጣ ዓይናችን ከሻ እንዳይመጣ ጥጋጥጉን ይሰልላል፤ ስንገባ የኪራይ ቀን ይቆጥራል። ካርቱም ለእኛ የአውቶቡስ መናኸሪያ ነበረች፤ ልጆቻችንም ያንኑ ዓይን ወረሱ። እዚያው ተወልደው «ከተማህን ሣል» ሲባሉ አክሱምን የሚሥሉት የአገር ፍቅር ስላላቸው ብቻ አይደለም፤ የቆሙበት መሬት ከተማ ነው ብሎ የነገራቸው ስለሌለ ነው።

አሁን ሄዶ በሩን ማየት አይቻልም። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲነሣ ቡሪ ከጠቅላይ መምሪያው ጎን ስለሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሳቱ ደጁ ነበር። ጦሩ መሃል ከተማውን መልሶ የያዘው በማርች 2025 ነው። በዚያ መሃል ካርቱም ላይ ያልተወሰደ ነገር አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ ገመድ እንኳ ለመዳቡ ሲባል ተመዝዞ ወጥቷል። በ1971 የተከፈተው፣ በአስዋን ግድብ ውሃ ሊዋጡ የነበሩ የኑብያ ቤተ መቅደሶች ተነቅለው በግቢው የተተከሉበት ብሔራዊ ሙዚየም ሳይቀር ተዘረፈ። ይህ ትልቅ ሐዘን ነው። ይሁን እንጂ የሙዚየም ዕቃ ቁጥርና መዝገብ አለው፤ አንድ ቀን በሆነ አገር ገበያ ብቅ ቢል «ይህ የሱዳን ነው» የሚል ይገኛል። የቡሪ በር መዝገብ የለውም። ያለን መዝገብ የእነዚህ ልጆች ጭንቅላት ነው፤ እነሱ ደግሞ ጭስ ማውጫ ይሥላሉ። ይህ ነው ብዕር ያስነሣን።

እስቲ እኛ የምናስታውሰውን እንወርውር፣ የተሳሳትን እንደሆነ አርሙን።

በሮቹን እናስቀድም። ካርቱም ላይ የግቢ በር ብረት ነው፣ ሁለት ክፋይ። በያጅ ነው የሚሠራው። በያጁ ጠፍጣፋ ብረት ቆርጦ ዕንቁ መሳይ፣ ኮከብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ አበባ እያደረገ ይለጥፍበታል፤ ከዚያ ለየቅርጹ የየራሱ ቀለም ይቀባል። የግራው ክፋይ ላይ ያለው በቀኙም አለ። ግን ልብ ብሎ ላየ ሁልጊዜ ልክ በልክ አይደለም፤ አንዱ ዕንቁ ጠበብ ይላል፣ አንዱ ኮከብ ዘመም። መንገዱ አቧራ፣ ግንቡ አቧራ፣ ሰማዩም አቧራ በሆነበት ሰፈር በሮቹ ብቻ ይጮኻሉ። ቤት ሲጠቁሙ እንኳ «ቢጫ ኮከብ ያለበት በር» ነበር የሚባለው። በያጁን ሠዓሊ ነህ ብትሉት ይስቅባችኋል።

ግንቡንም ዝም ብለን አንለፈው። የጥቁር ዓባይ ውሃ በነሐሴ ቡናማ ሆኖ፣ ደለል ተሸክሞ ሲመጣ ሱዳኖቹ ዳሚራ ይሉታል። ውሃው ሲጎድል የቀረውን ጭቃ ከቡሪ ትንሽ ወጣ ብሎ ጅሬፍ ላይ በዓባይ ዳር ጡብ ይመቱበትና በምድጃ ይተኩሱት ነበር። ጭቃው ከየት መጣ? ከእኛው ከደጋው ነዋ! ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ታጥቦ የወረደ አፈር ነው። ገበሬው አባታችን «አፈሬን ጎርፍ ወሰደብኝ» እያለ ሲያለቅስ ኖሮ፣ ልጁ ካርቱም ላይ በዚያው አፈር የተሠራ ክፍል በወር ተከራይቶ ኖሯል። (ግድቡ በሴፕቴምበር 2025 ተመርቋል፤ እንግዲህ ደለሉም እዚያው ይቀራል መሰለን። ይህ የሌላ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።)

ከዚያ ሻይ። በየዛፉ ሥር ከሰል ምድጃዋን አድርጋ፣ ዙሪያዋን ባንበር ደርድራ የምትቀመጠውን ሲት አሻይ የማያውቅ የለም። ከእነሱ ስንቶቹ የእኛው እናቶችና እኅቶች ነበሩ! ከቤታችን ማዶ ቡና የሚያፈሉ አንዲት የጎንደር ሴት ነበሩ። ብልቃጦቻቸውን ከፈዛዛው ወደ ጥቁሩ ነበር የሚደረድሩት፦ ስኳር፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ከርከዴ፣ ቅርንፉድ፣ ሻይ ቅጠል። ጠዋት ፀሐይ በብልቃጦቹ ስታልፍ የቀለም መማሪያ ይመስል ነበር። አንድ ቀን «እትዬ፣ ለምንድነው እንዲህ የሚደረድሩት?» ብንላቸው «አለዚያማ ዝንጅብሉንና ቀረፋውን በችኮላ እሳሳታለሁ ልጄ» አሉን። ውበት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚገባ፤ በሥራ በር። ደንበኞቻቸው ሱዳኖች ቡናው ያለ ዝንጅብል አይሆንላቸውም፤ ሐበሻው ደግሞ «ዝንጅብል ያለበት ቡና ምን ቡና ይባላል» እያለ ያጉረመርማል። እሳቸው በሁለት ጀበና ሁለቱን ሕዝብ አስታርቀው ኖረዋል።

ጨዋታም ነበረ። ዓርብ ዓርብ ሐጅ ዩሱፍ ድረስ ሄዶ የኑባዎችን ትግል ማየት ነበረ፤ አሸዋው፣ ጩኸቱ፣ አሸናፊው በትከሻ ተይዞ ሲዞር። ከሁሉ የሚበልጥብን ግን የረመዳን ማታ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወንዶቹ ከየቤታቸው ትሪ ይዘው ይወጣሉ፣ መንገድ ዳር የሰሌን ምንጣፍ ይዘረጋል፣ ቀዩ ሕሉ ሙር በትልቅ ማሰሮ ይመጣል። መንገደኛ አያልፍም። እጅህን ይዘው፣ ካልሆነም መኪናህን አስቁመው ያስቀምጡሃል። እኛ ክርስቲያን ነን ብንል ማን ሰምቶን! አንድ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ በአንድ መንገድ ላይ ሦስት ቦታ አብልተውት ማታ ሲያቃስት አድሯል። ያን ረጅም ምንጣፍ፣ ግራና ቀኝ የተደረደረውን ነጭ ጀለቢያ፣ በመሃል ቀዩን ማሰሮ፣ አዛኑ እስኪሰማ ትሪው ላይ የቆመውን ዓይን ሁሉ የሚሥል ልጅ ቢገኝ ምን ነበረበት?

አንድ የሥራ ባልደረባችን ይህን ረቂቅ አንብበው ተቃወሙን። «ድህነትን አታስጊጡ» አሉ። «ልጁ ከዚር እየጠጣ አድጓል፤ ፍሪጅ ያለበትን ሆቴል ቢመኝ ምን አጠፋ?» እውነት አላቸው፤ ተቃውሟቸው አሳስቦናል። ዚር የሚያምረው ለሚያየው ነው፤ ውሃ ለሚቀዳበት ሸክም ነው። እኛም ሆቴሉን ለምን ሣሉት አላልንም። ማታ መብራቱ ሲበራ ለማየት ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ስንት ሰው ነበር፤ እሱም የከተማው ጨዋታ ነው። ቅሬታችን ሆቴሉን ማንም አላየውም የሚል ነው። 11ዱም ሥዕሎች ከአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ መጠን፣ ያለ አንድ ሰው ናቸው። ከርክሻ ኋላ ተቀምጦ፣ በሾፌሩ ትከሻና በመስተዋቱ ላይ በተንጠለጠለው መቁጠሪያ መሃል እንቁላል አክላ የታየችውን ሕንጻ የሣለ ቢኖር እሱን ነበር አንደኛ የምንለው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ታላቁ የሱዳን ሠዓሊ ኢብራሂም አል-ሳላሒ በ1930 ኦምዱርማን ተወልደው ለንደን ስሌድ በተባለው የሥዕል ትምህርት ቤት ተምረው በ1957 ተመለሱ። ሥራቸውን ካርቱም ላይ ቢያሳዩ ሕዝቡ ዞር ብሎ አላየላቸውም። ደነገጡ፤ ሥዕል አቁመው አገሩን ዞሩ። ሰዎች በየቤታቸው የሰቀሉትን፣ ዕቃቸው ላይ የቀረጹትን፣ በዐረብኛ ፊደል የጻፉትን ሲያዩ ቆይተው ያንን ወደ ሸራቸው አስገቡ። ካርቱም ስኩል እየተባለ የሚጠራው የሥዕል መንገድ ከእንዲህ ዓይነቱ ፍለጋ የወጣ ነው። ኋላም በዓባይ ዳር የሚበቅለው ሐራዝ የሚባል የግራር ዓይነት፣ ክረምት ሲገባ ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚለመልመው፣ ለብዙ ሥዕሎቻቸው መነሻ ሆነ። በ2013 ለንደን ቴት ሞደርን የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ሲያሳይ በዚያ ስንት ሺህ ሰው ያየው እንግዲህ ያንኑ የወንዝ ዳር ዛፍ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ሌላው ታሪካቸው ነው። በ1975 ያለ ፍርድ ታስረው ለስድስት ወር ያህል ኮበር ወህኒ ቤት ቆይተዋል። ኮበር ከቡሪ ወዲያ ማዶ ነው፤ ድልድዩን ብቻ መሻገር። እዚያ መጻፍም መሣልም ያስቀጣ ስለነበር ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ እየሣሉ አሸዋ ውስጥ ይቀብሩት ነበር። «ወረቀት የለም» ለሚሉን ተማሪዎች ይህን ብቻ እንነግራቸዋለን፤ ለመምህራኑም ጭምር።

ከአገራችንም ሠዓሊ ታደሰ መስፍንን እንጥቀስ። የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር የነበሩ ናቸው። በትልልቅ ሸራ የሚሥሉት በየገበያው ዳር ቆመውና ተቀምጠው የሚሸጡ ሴቶችን ነው። ንግሥት የሚቆምበትን አቋቋም ጉልት ቸርቻሪዋ ላይ አዩት። የእኛዋም የቡሪ ቡና አፍይ ከእነዚያ መሃል ብትቆም የምታንስ አይመስለንም።

ስለ ግድግዳ ሥዕሎቹ የጠየቁንም አሉ። በ2019 ከኤፕሪል 6 እስከ ጁን 3 ሕዝቡ ጠቅላይ መምሪያው ፊት ሲቀመጥ አካባቢው ሁሉ በሥዕል ተሸፍኖ ነበር። ጋላል ዩሱፍን የመሰሉ ሠዓሊዎች ትልልቅ ግድግዳ ሞሉ፤ አሲል ድያብ የተባለችው ሠዓሊ ደግሞ የሟቾቹን መልክ በየቤተሰባቸው ግንብ ላይ ሣለች። ጁን 3 ቀን ሰዉ በጥይት ከተበተነ በኋላ ብዙዎቹ ሥዕሎች በቀለም ተደመሰሱ። በድፍረታቸው ባርኔጣችንን እናነሣለን። ሆኖም የታየንን እንድንል ከተፈቀደልን፣ የአደባባዩ ሥዕል ብዙው መፈክር ነበር፤ የተጨበጠ እጅ፣ ባንዲራ፣ የሚጮኽ አፍ። በየቤቱ ግንብ ላይ የቀረችው የአንድ ልጅ ፊት ግን ሌላ ናት። እናቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ታየዋለች፣ ጎረቤት ሲያልፍ ስሙን ይጠራል። ከዚያው ግንብ ሥር ዚር ቆሞ እንደሆነም አንገረምም።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ትርኢት ርዕሱ «ከቤቴ በር 50 እርምጃ» ነው። በዚህ ካምፕም በዘይት ቆርቆሮ የተሠሩ በሮች እንዳሉ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ አይተናል። ወረቀት ስላነሰን ያለፈው ዓመት የስም መጥሪያ ጀርባው ባዶ ነውና ከመምህራን ክፍል ውሰዱ። ከሰልና የከርከዴ ውሃ እንደ ቀለም ይቆጠራሉ። ሆቴሉን መሣል አልተከለከለም። ጭስ ማውጫ የሚሥል ተማሪ ግን ያየበትን ቤት ከወረቀቱ ጀርባ ይጻፍ።

ቡሪ አድደራይሳ፣ ከወፍጮ ቤቱ በሁለተኛው መታጠፊያ፣ በግራ በኩል የነበረው ትልቁ በር አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ የምታስታውሱ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩን። ሁለቱ መምህራን እስከ ዛሬ አልታረቁም።